ስሙ ደባርቅ ላይ ተጠራ

ወለላንና ህሩይን ከዚህ ቀደም ላላገኛቸው አንባቢ ሁለት ቃል ብለን እንለፍ። ወለላ ሰጠኝ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ፣ ከዛሪማ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ጎንደር ከተማ ውስጥ ሳይኮሎጂ ማጥናት ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ህሩይ የክፍሏ ልጅ ነው፤ የቁስቋም ተወላጅ፣ የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ። በእነሱ ቤት ከቅድመ አያት ጀምሮ ደብር ያላገለገለ ወንድ የለም፤ ሙሽራም የምትመጣው ከካህናት ቤት ነው። ሁለቱን ልጆች ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታቲስቲክስ የሚሉት ትምህርት አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ትምህርቱ አለቀ፤ እነሱ ግን ከጠረጴዛው ሳይነሱ ቀሩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ጥግ ቆመው ሳለ፣ ህሩይ አባቱ ያሉትን ነገራት። «ሙሽራህን ከካህናት ቤት እንፈልግልሃለን ብለዋል» አላት። ወለላም ዓይን ዓይኑን እያየች «አንተስ ምን አልሃቸው?» ብላ ጠየቀችው። ህሩይ መሬት መሬቱን አየ። ያንን ዝምታ ይዛ ነው ክረምቱን ዛሪማ የወረደችው።

አሁን ጥቅምት ነው። ተማሪው ተመልሶ ግቢው ሞልቷል፤ የምዝገባው ሳምንትም ሊያልቅ ነው። የሳይኮሎጂ አራተኛ ዓመቶች በዚህ መንፈቀ ዓመት ከክፍል ወጥተው የተግባር ልምምድ ነው የሚያደርጉት። ቦታው ሁለት ነው። ግማሾቹ እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ይሠራሉ፤ ግማሾቹ ደባርቅ ወጥተው ትምህርት ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ይከርማሉ። ሁሉም ምርጫውን ለየብቻው ለአማካሪ መምህርታቸው ነግሯል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህርት እስከዳር ተማሪዎቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበው ማን የት እንደተመደበ ሊነግሯቸው ቆሙ።

የወለላ ልብ አልቀመጥ ብሏል። ምክንያቱን ከእሷና ከመምህርቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ደባርቅ፣ ደባርቅ» ስትል የኖረችው ልጅ ጎንደርን መርጣለች።

ደባርቅን የወደደችው በከንቱ አልነበረም። ጦርነቱ በቀዬአቸው ካለፈ ወዲህ ታናሽ እህቷ ወንጌላዊት ለወራት ቃል አላወጣችም ነበር። ጸበል ወሰዷት፤ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ልጅቱ ዝም። በኋላ ደባርቅ አንዲት አማካሪ አገኙ። ሴትዮዋ ከልጅቱ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብላ በጠጠር ስትጫወት፣ ስትጫወት፣ አንድ ቀን ወንጌላዊት ቀና ብላ «ውሃ» አለች። ወለላ ያን ቀን እናቷ እንዴት እንዳለቀሱ አትረሳም። እንደዚያች ሴት መሬት ላይ መቀመጥ ነበር ምኞቷ።

ግን ህሩይ ጎንደርን እንደሚመርጥ ታውቃለች። ክረምቱን ማሽላ ስታርም ከራሷ ጋር ተሟገተች፤ ከአጠገቡ ከሆንሁ ያንን ዝምታውን እሰብረዋለሁ አለች። ምኞቷን አጣጥፋ አስቀመጠችውና ጎንደር ስትደርስ መምህርቷ ቢሮ ገብታ «ምርጫዬን ለውጫለሁ» ብላ ወጣች።

«ጎንደር የምትቀሩት» አሉ መምህርት እስከዳር፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ኢዮስያስ። ማስተዋል። ወለላ ሰጠኝ።»

ክፍሉ ጉምጉም አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ማስተዋል በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ፣ ደባርቅን ተውሽው?» ወለላ አልመለሰችላትም። ጆሮዋ የሚቀጥለውን ስም ይጠብቃል። አንዱ ተጠራ፤ ሌላው ተጠራ፤ የጎንደሮቹ አለቁ። የህሩይ ስም አልነበረም።

«ደባርቅ የምትሄዱት። ህሩይ ተክለ ጊዮርጊስ።»

ወለላ ዞር አለች። ህሩይ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ እሷኑ እያያት ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ አንዳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላውን ዓይን ማንበብ አቃታቸው። እሱ ደብተሩን አነሳና ስሞቹ ተጠርተው ሳያልቁ ወጥቶ ሄደ።

ሸሸኝ፣ አለች በልቧ። አባቱ ‘ከእሷ ራቅ’ ብለውት ይሆናል፤ እሱም እኔ ደባርቅ አልሄድም ማለቴን ሰምቶ ደባርቅን መርጦ ይሆናል። ከክፍሉ የወጣችው ከሁሉም ኋላ ነው።

ስትደውልለት ስልኩ ዝግ ነበር። ማስተዋል አልጋዋ ላይ ተጋድማ «ተይው፣ ወንድ ልጅ ሲሸሽ መንገዱን አያሳይም» ብትላትም ወለላ መተው አልሆነላትም። ደጋግማ ደወለች። የተቀዳው የሴት ድምፅ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» ባለ ቁጥር ከራሱ ከህሩይ አፍ የወጣ ይመስላታል።

*

ዓርብ ጧት መምህርት እስከዳር ቢሮ ስትገባ መምህርቷ የደረደሯቸውን ወረቀቶች ወደ ዳር አድርገው ወንበር አሳዩዋት።

«ፊትሽን አይቼዋለሁ ትናንት። ተቀመጪ።»

«ቲቸር፣ ምርጫዬን ልለውጥ። ደባርቅ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ህሩይ ደባርቅ ስለተመደበ?»

«አይደለም። እንዲያውም እሱ ካለ ደስ አይለኝም። እሱ ከእኔ ሸሽቶ ነው የመረጠው።»

መምህርት እስከዳር ወደ ኋላ ደገፍ ብለው አዩዋት። ተማሪ ሲያማክሩ የሚያዩት አስተያየት ነው፤ አይቸኩልም፣ አይፈርድም። «እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተማሪ የሚነግረኝን ለሌላ ተማሪ አልነግርም። ያንቺንም ለማንም አልነገርሁም። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ የመጀመሪያ ቀን ስትመጪ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ ሰልፉ አጣደፈኝና ዘለልሁት። ህሩይ የሚባል ልጅ ከነጭራሹ እዚህ ግቢ ባይኖር ኖሮ የት ትሄጂ ነበር?»

«ደባርቅ» አለች ወለላ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ።

«እንደዚያ መሰለኝ።» መምህርቷ ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ቦታ ሞልቷል። መጨመር የለም፤ መለዋወጥ ብቻ ነው ያለው። ከደባርቆቹ አንዱ ካንቺ ጋር ልለዋወጥ ካለ ሁለታችሁም አብራችሁ መጥታችሁ ትፈርማላችሁ። ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ከእኔ ጋር ማን ይለዋወጣል?»

መምህርት እስከዳር ብዕራቸውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። «አሁን የጠየቅሁሽን ጥያቄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያንቺ ብቻ አድርገሽ አትያዥው።»

ወለላ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ከጀርባዋ በሩ ተዘጋ፤ ሌላ ተማሪ የምዝገባ ስሊፑን ይዞ ገባ። ጥቂት እርምጃ ሄደችና ድንገት ቆመች።

ህሩይ ደባርቅን ወዶት አያውቅም። ብርዱን እንኳ ሲያነሱበት ይንዘፈዘፋል። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሚያወራው ስለ ሆስፒታሉ ነው፤ ጸበል ስለሚመጡት ሕሙማን፣ በቄሱና በሐኪሙ መሐል ስለሚጠፉት ሰዎች። ታዲያ እሱን ደባርቅ ምን አስመረጠው? ሦስት ዓመት ሙሉ ደባርቅ እሄዳለሁ ስትል የሰማት ማን ነው?

ግድግዳውን ደገፍ አለች። ሸሽቶ ቢሆን ጎንደር ይቀር ነበር። እሱ የመረጠው እሷ ትሆንበታለች ያለውን ቦታ ነው።

ሳቅ መጣባት፤ እንባም አብሮ መጣ። የሚያልፉት ተማሪዎች ዞር ዞር እያሉ አዩዋት። እሷ ግን አላየቻቸውም፤ ክረምቱን ሙሉ ደረቷ ላይ የተኛው ድንጋይ ተነስቶላት ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ደረቷ ተነፈሰች።

*

ስልኩ አሁንም ዝግ ነው። ባጃጅ ያዘችና በአራዳ አድርጋ ወደ ቁስቋም ወጣች። የአራዳ መንገድ በገበያተኛና በማኪና ተጨናንቆ ባጃጁ በቆመ ቁጥር ወርዳ በእግሯ መሮጥ ይቃጣታል። «እህቴ፣ ጥድፊያው ለልቅሶ ነው ለሰርግ?» አላት ሹፌሩ በመስታወት እያያት። «ገና አላወቅሁም» አለችው። እውነቷን ነበር።

ቁስቋም ቅጥር ግቢ ስትደርስ ከወይራዎቹ ሥር የዜማ ድምፅ ይሰማል። ወርኃ ጽጌ ነው፤ የደብሩም በዓል ቀርቧልና ደቀ መዛሙርቱ ማኅሌቱን ያጠናሉ። ከመካከላቸው ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወለላ ከሩቅ አይታቸው ታውቃለች፤ አነጋግራቸው ግን አታውቅም። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ወደ ኋላ ልትመለስ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ዜማው አበቃና ዓይናቸው አረፈባት። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ቀረበች።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ማን ልበል?»

«ወለላ እባላለሁ።»

መሪጌታው ልጆቹን በእጃቸው ምልክት አሰናበቱና ግንብ ላይ ቁጭ አሉ። «ወለላ። የዛሪማው የሰጠኝ ልጅ።»

የአባቷን ስም ከአፋቸው ስትሰማ ደነገጠች። «አዎን፣ የኔታ።»

«ልጄ ባንቺ የተነሳ ደባርቅ ሊሄድ ነው አሉ።»

«እንዳይሄድ ልመልሰው ነው የመጣሁት።»

«ምነው? ጠላሽው?»

«አልጠላሁትም» አለች ወለላ። «ስለምወደው ነው። ህሩይ እዚህ ሆስፒታል የሚሠራው ሥራ አለው። እኔ ደግሞ ደባርቅ የምሠራው አለኝ። እሱ ለእኔ ሲል የእሱን ትቷል፤ እኔም ለእሱ ስል የእኔን ትቼ ነበር። ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካልተለዋወጥን ሁለታችንም የማንፈልገው ቦታ ልንከርም ነው።»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ይህን ሥራ ሥራ የምትሉትን ነገር እኔ አልገባኝም። የሰው ምሥጢር የሚሰማ ንስሐ አባት እያለ እናንተ ምን ልትጨምሩ ነው እያልሁ ከዚህ ልጅ ጋር ስሟገት ነው የኖርሁት።»

«ህሩይ የንስሐ አባትን ቦታ አይፈልግም፣ የኔታ። ጸበል የመጣው ሰው ሐኪም ሲያስፈልገው የሚያደርሰው፣ ሆስፒታል የተኛውም ካህን ሲሻ የሚጠራለት ሰው የለም፤ መሐል ላይ ይጠፋል ይላል። መሐል ላይ ለመቆም የሁለቱንም ቋንቋ ማወቅ ይጠይቃል። ክፍላችን ውስጥ ያን ቋንቋ የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም የለም። ከእርስዎ ሥር ስላደገ ነው የሚያውቀው።»

ከወይራው ላይ ወፍ ተነሳች። «እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም» አሉ መሪጌታው።

«ፈርቶዎት ይሆናል።»

«ይሆናል።» ከዚያ ቀና አሉና፣ «እሱ እዚህ፣ አንቺ ደባርቅ። ፍቅር የምትሉት ነገር ታዲያ የት ሊያድር ነው?»

«በማኪና ይመላለሳል፣ የኔታ» አለች ወለላ፤ ከአፏ ሲወጣ ነው የደነገጠችው።

የሽማግሌው ከንፈር ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረው። «ጠይቀሽዋል ግን? እመልስሃለሁ ብለሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርሁትም። ስልኩ ዝግ ነው።»

«አየሽ። አንቺ ሳትጠይቂው ልትመልሽው ነው። እሱም ሳይጠይቅሽ ሊከተልሽ ነው። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ሙሽራ ስመርጥ ከረምሁ። ሦስታችንንም የያዘን አንድ በሽታ ነው፤ በትምህርታችሁ ስም ይኖረው እንደሁ እስቲ ጠይቂልኝ።»

መሪጌታው አልጨረሱም። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ይህ ልጅ ሲያድግ እኔ ስናገር ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ትናንት አመሻሹ ላይ ገባና ፊቴ ቆመ። ዓይኔን እያየ፣ ‘ወለላ ደባርቅ አልሄድ ብላ ብትሸሸኝም እኔ ከእሷ ሌላ አላገባም፤ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ’ አለኝ። ተቆጣሁ። እውነቴን ነው፣ ክፉኛ ተቆጣሁ። ግን ሌሊት ስነሳ ቁጣው የለም። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ እያልሁ ነው ያነጋሁት።»

ምድር ከወለላ እግር ሥር ለስለስ ያለች መሰላት። ዝም ያለው ልጅ ተናግሯል። እሷ በሌለችበት፣ እሷ ትታኛለች ብሎ ባሰበበት ቀን፣ ተናግሯል።

«የት ነው ያለው፣ የኔታ?»

«መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስልኩ ሞቶ መስኮት ላይ ተጋድሟል። እሱ ግን በጧት ነው ወደ ትምህርት ቤታችሁ የወረደው። አንቺን ሳላይ አልመለስም ብሎ።» መቋሚያቸውን አንስተው ወደ በሩ ጠቆሙ። «ሂጂ። ልጄ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብላ አልወረደችም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ መንገዱ የሰርግ መንገድ እስኪመስላት ድረስ እየሮጠች ወረደች።

*

ግቢው የምዝገባ መዝጊያ ቀን መልኩን ይዟል። ሬጅስትራር ፊት ለፊት ሰልፉ ደረጃውን አልፎ ሣሩ ላይ ተጠማዟል፤ አንዱ ያልወሰደውን ኮርስ ይከራከራል፣ ሌላው ሲስተሙ ቆመ ብሎ ራሱን ይዟል። ወለላ ሰዉን በዓይኗ እያገላበጠች አለፈች። በመምህርት እስከዳር በር ላይ የለም። ቤተ መጻሕፍት የለም። የሴቶች መኝታ ሕንፃ በር ላይ ስትደርስ፣ ከጥበቃዎቹ ጎጆ አጠገብ፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከጧት ጀምሮ እዚያው ነው። ፀሐይ ዞራ ግንባሩን አቅልታዋለች።

እሱም አያት። ተነሳ። በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ ቀርቶ ሁለቱም ቆሙ።

«ምነው ሸሸሽኝ?» አለ ህሩይ።

«እኔ ነኝ የሸሸሁ? ደባርቅን የመረጥኸው አንተ አይደለህ?»

«አንቺ ስላለሽ ነው እኮ። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ደባርቅ ስትይ አይደለም የኖርሽ? ብርዱንም ቢሆን ካንቺ ጋር ይሁን ብዬ…» ቃሉ ተቆረጠ። ፊቷን አየ። «አንቺስ ምን አስቀረሽ?»

«አንተ ነሃ።»

የህሩይ ሳቅ ከሆዱ መጣ፤ ወለላም አልቻለችም። ጥበቃው ከጎጆው ብቅ ብሎ እስኪያያቸው ድረስ ሳቁ። ሲስቁ ቀረቡ፤ ሲቀርቡ እጇን ያዘ። ሳቁ ሲበርድ ዓይኖቻቸው እርጥብ ነበሩ።

«እንለዋወጥ» አለች ወለላ። «ሰዓት የለንም።»

ህሩይ እጇን ሳይለቅ ራሱን ነቀነቀ። «አልለዋወጥም። እዚያ ግንብ ሥር ዝም ብዬሽ ክረምቱን አንድ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከእንግዲህ ካንቺ አልርቅም፣ ወለላ። አንቺም ወደ ደባርቅ ነይ፤ ሌላ ሰው እንፈልግና ተለዋወጪ። አብረን እንሂድ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ልቧ እሺ በይው አለቻት። አብረው በጠባቧ የደባርቅ መንገድ ሲሄዱ፣ ብርዱ ሲያቅፋቸው አየች። ከዚያ በግድ ራሷን መለሰችና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «እኔ ባልኖር፣ ጭራሽ ባልተወለድ፣ የት ትሄድ ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«መልስልኝ።»

ህሩይ ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ አየ። መልሱ ከፊቱ ላይ ቀድሞ ተነበበ። «እዚሁ» አለ።

«እኔ የወደድሁት ያንን ልጅ ነው። መሐል ላይ የሚጠፉትን ሰዎች ሲያወራ ምግብ የሚረሳውን። ደባርቅ መጥተህ እኔን እያየህ ብትከርም አንድ ሳምንት ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ግን የማየው ሌላ ሰው ነው። አንተስ የወደድኸው ማንን ነው? ጎንደር ቁጭ ብላ ስለ ደባርቅ ልጆች የምታልመዋን?»

ህሩይ በግንቡ ሥር እንዳደረገው መሬት መሬቱን አላየም፤ ዓይኑ ከዓይኗ አልተነሳም። «መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በጠጠር እጫወታለሁ የምትለዋን ነው» አለ። «ደግሞ ከዚህ ደባርቅ ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ መመለስ ይቻላል።»

«እኔም ለአባትህ እንዲያ ነው ያልኋቸው።»

«አባቴን የት አገኘሻቸው?»

«ቁስቋም። ሁሉንም ነግረውኛል።» ሳቀች። «ቢቆጡኝም ይቆጡኝ አልህ አሉ።»

የህሩይ ጆሮ ቀላ። እሷ እጁን ጎተተችው፤ እየተሯሯጡ ወደ መምህርት እስከዳር ቢሮ ሄዱ።

መምህርት እስከዳር ሁለቱን በር ላይ ሲያዩ ምንም አልጠየቁም፤ ፊርማቸውን አኑረው «ሩጡ» አሉ። የሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሲደርሱ ሲስተሙ ቆሟል። ወረቀቱን የያዙት ሴት «ኔትወርክ እስኪመለስ ጠብቁ» አሉ። ከኋላቸው ተማሪው ይገፋል፤ የግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። ማስተዋል ከሰልፉ መሐል አየቻቸውና ዓይኗን አፈጠጠች። ወለላ የሴትዮዋን ጣት ታያለች። በስተመጨረሻ ማሽኑ እንደ መንቃት አለ።

«መጣ። እዚህ ጋ ፈርሙ።»

ወለላ ፈረመች። ህሩይ ብዕሩን ተቀበላትና ቆመ።

«ከመፈረሜ በፊት» አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ሚስቴ ትሆኛለሽ?»

ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሴትዮዋ በመስኮቱ ቀዳዳ ሁለቱን አፈራርቀው አዩና፣ «የኔ ልጅ፣ ቶሎ መልሺለትና ይፈርም፤ እዘጋለሁ» አሉ።

«ፈርም መጀመሪያ» አለች ወለላ።

ፈረመ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ማኅተሙ ሲያርፍ ድምፁ ተሰማ። ሴትዮዋ መስኮቱን ሲዘጉ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ፤ የቀረው ሰልፍ ግን የሚያየው ወለላን ነው። ወደ ህሩይ ጠጋ አለችና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እሆናለሁ» አለችው። እሱ ሰማ። ፊቱን ያዩ ሁሉ ደግሞ እሱ የሰማውን አወቁ፤ ደረጃው ላይ ከጀርባቸው እልልታ የጀመረችው ማስተዋል ሳትሆን አትቀርም።

*

ሰኞ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ወለላ መናኸሪያ ነበረች። የደባርቅ ማኪና ሞልቷል፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ያስራል። አባቷ በስልክ «ሸጋ ነሽ ወይ? ብርዱን ተጠንቀቂ፤ ደባርቅ ብርዱ ክፉ ነው» ብለዋት ገና አሁን ነው የዘጉት። ስለ ህሩይ አልነገረቻቸውም። እንዴት ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም።

ህሩይ በመስኮቷ ሥር ቆሟል። አዲሱን የሆስፒታል ጋዋኑን በክንዱ ይዟል፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ ሥራው ነው። ሁለቱም በሌሊት ያሰቡትን ብዙ ቃል ረስተውት እንዲሁ ይተያያሉ። ሞተሩ ተነሳ።

«ትናንት አባቴ ከማኅሌት ሲወጡ አንድ ነገር ጠየቁኝ» አለ ህሩይ፣ ድምፁን ከሞተሩ በላይ አንስቶ።

«ምን አሉ?»

«‘ከጥምቀት ወዲያ የሊማሊሞ ቁልቁለት ለሽማግሌ ይከብዳል ወይ?’ አሉኝ።»

ወለላ መጀመሪያ አልገባትም። ስለ ዕድሜያቸው የጠየቁ መሰላት። ቀስ ብሎ ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዛሪማ፣ የአባቷ ደጅ፣ በጥር ፀሐይ መቋሚያ ተደግፈው የቆሙ ሰው በዓይኗ መጡ።

«ስንት ሽማግሌ?» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«ሦስት ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዱ እሳቸው ናቸው።»

ማኪናው ተንቀሳቀሰ። ህሩይ አብሮ መራመድ ጀመረ፤ ከዚያ ሮጠ። ወለላ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ ነፋሱ ፀጉሯን እየበተነው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማት፣ «አይከብድም በላቸው» አለችው። «አይከብድም። እኔ ሊማሊሞ ወርጄ እቀበላቸዋለሁ።»

የደባርቅ መንገድ ዳገት ነው። ማኪናው እያቃሰተ ሲወጣ ወለላ ሌላ ጊዜ ከጎንደር ስትርቅ የሚሰማትን ባዶነት ጠበቀችው። አልመጣም። በምትኩ ስልኳን አወጣች፤ የአባቷን ቁጥር ነካች፤ ገና «ሃሎ» ሳይሉ ሳቋ ቀደማት።